ግማሽ እርከን

ዶክተር ኩሮዳ ሆይ፣ ወረቀቱን አየሁ፣
ከክኒኑ ካርቶን፣ እጥፉን ዘረጋሁ፤
ማዞር ይላል፣ ድካም፣ ሽፍታ፣ ማቅለሽለሽ፤
የኔን ግን አጣሁት ስፈልግ እስኪመሽ።

ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ ሐማማትሱ ቤቴ፣
ከጆሮዬ በቀር ምንድን ነው ሀብቴ?
ሰኞ ለት የመታሁት የመቃኛው ብረት
«ላ» ማለቱን ትቶ ወረደ በድንገት፣
ግማሽ እርከን ብቻ። ያን ያህል፤ አይበልጥም።
ሌላ ብረት መታሁ፤ እሱም አልተሻለም።

የባቡሩ ደወል፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣
ሁሉም እኩል ወርዷል በአንዲት ሌሊት።
ልጄ ናትሱሜ ከበር ስትጠራኝ፣
የሌላ ሰው ልጅ እናቷን የጠራች መሰለኝ።

ክኒኑን ተውኩት። ለማንም ሳልነግር።
ሁለት ቀን «ላ»ዬ ከነክብሩ ነበር፤
በሦስተኛው፣ ከአዳራሹ ወለል፣ ከፔዳሉ ሥር፣
ምላሴን ነክሼ ነቃሁ።
የጽዳቱ ሰው ኢሶጋይ ኮቱን ከራሴ ሥር አንጥፎ፣
ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ፣
«ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ» አለኝ፣
ባቡር እንደሚሸኝ ሰው።

እርስዎም አልተቆጡም።
«ሽቦው ሁሉ ባንዴ ሲላላ
ብረቱ ይሰነጠቅ የለም ወይ?» አሉኝ፤
እኔው ለተለማማጆቼ የምለውን።
እና ቀስ በቀስ፣ ሳምንት በሳምንት፣
አዲሱ እስኪገባ፣ አሮጌው እስኪወጣ።

በሽታው እኔን ጣለ፤ ፈውሱ ድምፅን ጣለ፤
ማን ይውደቅ ይላሉ፣ ምረጪ ከተባለ?

እስከዚያ በመሣሪያ፣ በመርፌ እቃኛለሁ፤
ዓይኔ «ልክ ነው» ሲል ጆሮዬን ዝም አሰኛለሁ።
ከወረቀቱ ግርጌ ግን በእርሳስ ጽፌያለሁ፦
«ላ። ግማሽ እርከን። ወደ ታች።»