አንድ ለሰባ ሁለት

አባቴ ሲሞት፥ ቤቱን ልናስረክብ
ሦስት ቀን ሰጡን፥ ዕቃ ልንሰበስብ።
ፕርዤሮቭ፥ ከጣቢያው ጀርባ፥ አራተኛ ፎቅ ላይ፥
ከወለል እስከ ጣራ የፕላስቲክ ሰማይ፦
አርባ ሦስት ሄሊኮፕተር። ባቡር ባለፈ ቁጥር
የአናታቸው ክንፍ ይርገበገባል፥ ሊነሡ እንዳሰቡ በምስጢር።
ወንድሜ ራዲም «ይሸጥ» አለ፥ ሳያወልቅ ካፖርቱን፤
እኔ በራሱ ብሩሽ ጠረግሁ አቧራውን።

መካኒክ ነበር አባቴ፥ በአየር ኃይሉ ሰፈር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሆዳቸው ሥር ሲያድር፥
ዘይት ሲንጠባጠብበት፥ ብሎን ሲያጠብቅ፥
አንዲት ቀን እንኳ ሳይበር፥ ከመሬት ሳይርቅ።
ጡረታ ወጥቶም አልተላቀቃቸውም፤
አሳነሳቸው እንጂ።

ሳጥኑን ይከፍታል፦ ግራጫ ፍሬም፥ እንደ ዓሣ አጥንት፥
ጎማና ጭራ፥ ሮኬትና በር የተንጠለጠሉበት።
በምላጭ ይቆርጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፤
ትንፋሹን ውጦ በወረንጦ ይሰካል።
እናቴ «በሙጫህ ሾርባዬን ገደልከው!» ትላለች፤
መስኮት ትከፍታለች፤ እንዳይበርደው ብላ መልሳ ትዘጋለች።

ፋብሪካው የሳተውን እሱ አይስትም፦
«እዚህ ጋ ስድስት ችንካር ነው፥ አምስት አይደለም!
በእጄ ቆጥሬዋለሁ፥ በጥር ብርድ፥ ያለ ጓንት።»
ይልና በመርፌ ጫፍ ይወጋል ስድስተኛዋን፥
ያለ ማጉያ የማትታይ ቅንጣት።
የጭስ ማውጫው ጥላሸት የእርሳስ ዱቄት ነው፥ በጣቱ፤
ከበሩ ሥር ያለችውን የዘይት እድፍ ያውቃታል ከነምክንያቱ።

ኦሎሞውትስ፥ በውድድሩ ቀን፥ ዳኛው መብራት ይዞ አጎነበሰ፤
ዙሪያውን አየ፥ አደነቀ፤ ጋቢናው ጋ ደርሶ ተመለሰ።
«ሥራህ እንከን የለውም፤ ግን አብራሪው የታለ?»
አባቴ ኮቱን ቆለፈ።
«ምሳ ሄዷል» አለ።
ነሐስ እንኳ አልሰጡትም። በባቡር ስንመለስ
የጫማ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ፥ አንድም ቃል ሳይተነፍስ።

አርባ ሦስቱም እንደዚያው ናቸው።
ወንበሩ አለ። ከሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተቆረጠ ቀበቶ አለ።
መሪው አለ፥ ከፀጉር የቀጠነ።
ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን፥ ከመሳቢያው ጥግ፥ ከደረቁ ቀለሞች ኋላ፥
የክብሪት ሳጥን አገኘሁ፤ ስነቀንቀው ተንኮሻኮሸ እንደ ባቄላ።
ከፈትኩት።
ሰዎች ናቸው።
ጭንቅላታቸው የምስር ፍሬ የሚያህል፥ ግራጫ፥ ፊት የለሽ፥
እጃቸውን ዘርግተው የሌለ መሪ የጨበጡ።
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ሰማንያ ስድስት።

አንዱ ብቻ ተቀብቷል።
የራስ ቁሩ ነጭ፤ ጉንጩ በብርድ የቀላ፤
ከአፍንጫው ሥር፥ ባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ የሳባት፥
ቀይ ጢም።

ራዲም መጥቶ አየና ተቀመጠ።
«ኦታካር ነው» አለ። «እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር።
አንቺን እስከ ጣራው አንሥቶ በአፉ እንደ ሞተር ይጮህ ነበር።»
እኔ አላስታውስም።
የማስታውሰው አንድ ምሽት ነው፦ እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ስትተኩስ፥
አባቴ ከቧንቧው ሥር እጁን ሲታጠብ፥ ሲታጠብ፥
ሳሙናው እስኪያልቅ።

ሰኞ ገዢው ከብርኖ መጣ፥ በካርቶንና በጋዜጣ፤
አንድ በአንድ ጠቀለላቸው። ጋቢናዎቹ ላይ ዓይኑን ጣለ።
«አብራሪዎቹ ቢኖሩ ዋጋው ከፍ ይል ነበር። የታሉ?» አለ።
ሒሳቡን የያዘው ራዲም ነው፤ ያው «ይሸጥ» ያለው።
ካፖርቱን ቆለፈ።
«ምሳ ሄደዋል።»

ደረጃውን ስንወርድ ባቡር አለፈ፤
ላይ፥ ባዶው መደርደሪያ ላይ፥ ምንም አልተርገበገበ።
ጢሙ እንዳይፈገፈግ በጥጥ ጠቅልዬ
ለብቻው ይዤዋለሁ፥ በውስጥ ኪሴ።
የት እንደማስቀምጠው ገና አላወቅሁም።
ከፍ ያለ ቦታ ግን አይሆንም።