ስምንት ጊዜ

ስምንት ጊዜ በራሷ ላይ ኤሌክትሪክ አለፈ፤
ተኝታ፣ ሳይሰማት፣ የእግሯ ጣት ብቻ ተርገፈገፈ።
በማግስቱ እንጉዳይ ቆሎ ጠየቀች፣
"ጨው አነሰው" ብላ ተቆጣች፤
ቁጣዋን ሰምቼ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጣና ዳር ወሰድኳት። ሰዎች እምቦጭ ይነቅላሉ፤
ከሥሩ የተያያዘው ደንገልም አብሮ ይወጣል፤
ጭቃ ውስጥ ቆሞ ማን ይለየዋል?

"አንሙት በየትኛው ጀልባ ነው የሚመጣ?" አለች።
ወንድሟን ነው።
ካቻምና አብረን የቀበርነውን፣
ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዓመት የተኛችለትን።

ሐኪሙ፣ "ይመለስላታል" ብሏል፤ "ቀስ በቀስ፣ ምናልባት።"

ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ ሳለ
"ማዕበል አለ" አልኳት፤ "ዛሬ ጀልባ የለም።"
ራሷን ነቀነቀች። ከቆሎው ዘገነች፣
በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤
"ለሱ ይሁን" አለች።