ቁጥር አርባ አንድ

ከጅማ ወጣ ሲል፣ ስም የሌለው ፈፋ፣
ዶፍ ሲጥል ይነሳል፣ ሲያባራ ሊጠፋ።
ስድሳ ድንጋይ መርጠን ቀይ ቀለም ቀባን፣
ቁጥራቸውን ጽፈን አልጋው ላይ አስተኛን።

ጎርፉ በሌሊት መጣ፤ ሳንነቃ ሄደ።
በነጋታው ሜትር ዘርግተን ወረድን፦
ሰባት ቁጥር፣ አስራ ሁለት ሜትር።
ሃያ ሦስት፣ ንቅንቅ አላለም።
አርባ አንድ የለም።

ነጂብ ደለሉን በአካፋ ገለበጠ፤
«ተቀብሯል» ብዬ ልጽፍ ስል
ዙልፋ ከማጀቷ ጠራችን።
ሦስት ጉልቻ፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።
«ደጄ ድረስ ጎርፉ፣ ከደጄ እኔ» አለች።

መዝገቡ ላይ ሰፈረ፦
በውሃ ዘጠና ሜትር፣ በዙልፋ ስምንት።
ድንጋዩን ግን አልወሰድኩም፤
ጎመኑ ገና አልበሰለም።