የወፍጮ ቤቱ ሙከራ

ከባሕር ዳር በአይሱዙ፣ በጨው ጆንያ መሃል፣
በፎጣ ተጠቅልለው ሁለት ካሜራዎች ቡሬ ገብተዋል።
የእኔና የአንሙት የሦስት ዓመት ላብ፣
የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ሒሳብ
አንዱን ብቻ ይገዛል። አንዱ ይመለሳል።
ሻጩ እስከ ሐሙስ ብሏል፤ ረቡዕም ውሏል።

አንደኛው አዲስ ነው፤ ግዙፍ፤ እጀታው ሳይነካ።
«ስድስት ኬ ነው» አለኝ አንሙት፣ ድምፁን በጆሮዬ ልክ እየለካ፤
የመሬት ደብተሩን እንደያዘ ገበሬ፣
ደረቱ ላይ አቅፎ፣ «አይተህ ታውቃለህ እንዲህ ያለ ፍሬ?»
ባትሪው ግን በአርባ ደቂቃ ጥርግ ይላል፤
መብራት ሲፈልግ በሚመጣበት አገር ይህን ማን ይችላል?
ፋይሉም የሐምሌ ጎርፍ ነው፤ ካርድ ይሞላል፣ ዲስክ ይሞላል፤
አሮጌው ኮምፒውተሬ ገና ከሩቅ ሲያየው ያስላል።

ሁለተኛው ያገለገለ፣ ጠርዙ የተላጠ፣
የማላውቀውን ሰው ላብ ማሰሪያው የመጠጠ፤
ትንሽ ነው፣ በአንድ እጅ ያዝ የሚደረግ።
አራት ኬ ብቻ።
ግን ሆዱ ውስጥ የጠቆረ መስታወት አለ፣
ቁልፉን ስትጫነው የቀትሩን ፀሐይ ጥላ ሥር ያዋለ።

«ደንበኛ እኮ ዕቃ ያያል» አለ አንሙት፣ «ትንሽ ከሆነ ይንቅሃል፤
የሙሽራው አባት ካሜራህን አይቶ ሒሳብ ይቀንስብሃል።»
እውነቱን ነው። ባለፈው ጥር፣ ሽንዲ ላይ፣ አንድ አባት
«ይቺ ናት?» ብለውኝ ነበር፣ ጣታቸውን ቀስረውባት።
ግን እስከ መቼ ኬክ ሲቆረስ? እስከ መቼ መኪና በሪባን?
አንድ የራሳችን ፊልም ልንሠራ አልነበር የማልን?

ባንቺአምላክ፣ ድምፅ ያዢያችን፣
እሸት በቆሎ ስትፈለፍል ቆይታ፣ ሳታየን፣
«ከወረቀቱ ላይ ምን ታነባላችሁ?» አለች። «ጨለማ ውሰዷቸው።
ፊት አሳዩዋቸው።»

ወደ አያ ስንሻው ወፍጮ ቤት ሄድን፣ ሦስታችን፣ እንደመሸ።
ያለው አንድ አምፖል ነው፣ እሱም በዱቄት የታሸ።
ሞተሩ ያጓራል። አየሩ ነጭ ነው። ሰውየውም ነጭ ነው፤
ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ የጆሮው እጥፋት፣ ዱቄት ያልነካው የለው።
ከዱቄቱ ሥር ግን ፊቱ አለ፣ የጠይም ጠይም፤
ዱቄቱንማ መቅረፅ ማንንም አያቅትም።

አዲሱ ቀረፀ። ብናኙ ተቆጠረ፣ ቅንጣት በቅንጣት፤
የግድግዳው ስንጥቅ፣ የቀበቶው ክር፣ የሸረሪቷ ጣት፣
ሁሉ ነገር ታየ።
አያ ስንሻው ግን አመድ መሰለ፤ ከራሱ ተለየ።

አሮጌው ቀረፀ። ጥግ ላይ ጨለማው እንደ ሽንብራ ተንጣጣ፤
ግን ከነጩ መሃል ያ ጠይም ፊት ወጣ፣
ሳይገረጣ፣ ሳይቀላ፣ እሱኑ መስሎ፣
ከዓይኑ ሥር ያለው ላብ መንገዱን ከዱቄቱ ፈልፍሎ።

አንሙት ስክሪኑን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ደግሞ ስክሪኑን።
አያ ስንሻው መጣና በአውራ ጣቱ ጠረገው መስታወቱን፤
«አባቴ ነው እኮ ይሄ» አለ። ቆየ። ከዚያ ካሜራውን ተቀብሎን
ሚዛን ላይ አወጣው።
«ኪሎ ከሩብ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር?
ጤፍ ብትገዙበት ስንት ኩንታል ነበር!»

ሳቅን። ባንቺአምላክ አልሳቀችም፤ «እስኪ ሞተሩን አጥፉልኝ» አለች።
ሲጠፋ፣ ማዳመጫዋን በሁለት እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።
እኛ ምንም አልሰማንም። እሷ ግን «ዱቄቱ ሲቀመጥ ይሰማል፤
በተውሶ ማይክ ግን አይሆንም፤ ይሻክራል፣ ይታመማል።»

ሐሙስ፣ አዲሱ ካሜራ በፎጣው፣ በአይሱዙ፣ ወደ ቲሊሊ ተመለሰ።
አንሙት መኪናው እስኪታጠፍ ቆሞ ነበር፤ አቧራው ጫማው ላይ ደረሰ።
ከዋጋው የተረፈው የባንቺአምላክ ማይክ ሆነ።
የሙሽራው አባት ቢንቀን፣ እንግዲህ ይናቀና።
የቀረን ትሪፖድ ነው፤ አናጢው ከባሕር ዛፍ ሊሠራልን ጀምሯል፤
ሁለት እግር ጨርሷል።