አላለችም

ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣
ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይወጣም እዚያ ላይ።
ትንግርት ቀደመች፣ እኔ ከኋላዋ፣
ዐይኔ ወደቀ ከጫማዋ።
የግራው ተረከዝ ባንድ ጎኑ አልቋል፣
ስንት ወር ሆኖታል? ማን ያውቃል?

«የቤት ገመና ለባዳ አይነገርም» እያልኩ ሦስት ወር አንገራገርኩ፤
እሷ አልተሟገተችኝም። የቀጠሮ ወረቀቱን ትራሴ ሥር አገኘሁት፤ ዝም ብዬ ተከተልኩ።

አግዳሚው ላይ ሁለት እጮኛሞች ቀድመውናል፣
አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ጆሮ ተካፍለውታል።
እኛም አረፍ አልን፤ ቦርሳዋ በመሀላችን ተቀመጠ፣
እንደ ሦስተኛ ሰው፣ ሁሉን እያዳመጠ።

ልጁ ሳልጠይቀው፣ «እኛ እንኳ ተጣልተን አይደለም» አለኝ፣
«ሰርጋችን ጥር ላይ ነው፤ ቀድመን እንማከር ብለን» ሲል ነገረኝ።
በልቤ ሳቅሁበት። ሽማግሌ የሚጠራው ሳህን ሲሰበር ነውና፣
ማን ነው ሳያመው ሐኪም ቤት የሚያቀና?

ሳቄ ግን አልቆየም።
እኔ በሰርጌ ዋዜማ፣
ድንኳን ተካዩን፣ ባለ መኪናውን፣ በሬ ሻጩን ስጠይቅ፣ ስከራከር፣ ሳስማማ፣
ስትከፊ ዝም ትያለሽ ወይስ ትጮኺያለሽ፣
ለእናትሽ ብር ስትልኪ ትነግሪኛለሽ፣
ብዬ እሷን አልጠየቅኋት።
ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ሾላው ሥር፣ ቀለበት አጠለቅሁላት፤
ጣቷን እንጂ እሷን መች ለካኋት።

አቶ ላታሞ ጠሩን። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣
ቁስል ሲያጥብ ኖሮ የማይቸኩል እጃቸው።
ትንሽ ሰዓት ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣
«ሦስት ደቂቃ እሷ። አንተ ዝም።
መልስህ ይቆየን፤ የሰማኸውን ብቻ» ሲሉ ተናገሩ።

ትንግርት ጀመረች፤ ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር ድምጿ ቀጥኖ።
አርባውን ሺህ ብር አነሳች፣ ለወንድሜ ባጃጅ የሰጠሁትን፤
«አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ባንክ ነው በስልክ የነገረኝ ያደረገውን።»
ከዚያ ስለ ልጃችን ሳል፣ ስለ ሌሊቱ፣
ስለ ውኃው ወረፋ፣ ስለ ጀሪካኑ ብዛቱ፣
መጨረሻ ላይ፣ መዳፏን እያየች፣
«ቤቱ ከብዶኛል» አለች።

ሰዓቷ ጮኸች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እንደ ጠበቃ፦
«ኪራዩ ነው፤ አከራዩ ሁለት ሺህ ጨምሮብን...»
«አላለችም።»
«እሺ፣ ብሩን ከወንድሜ እንዳስመልስ...»
«እሱንም አላለችም።»

በመስኮት አሻግሬ አየሁ። ቆርቆሮ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣
መላጣውን ደፍቶ ቆሟል፣ ምሳ እንዳልቀረበለት የሽምግልና እንግዳ።
አፈርኩ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሷ ላላለችው
መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ያለችውስ የት ገባ? ማን ሰማው?

አቶ ላታሞ ወደ ሐይቁ ጠቆሙ፦
«ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ መውጫ ወንዝ ግን የለውም፤
እንዲያም ሆኖ ጨው አልሆነም።
በስውር፣ ከመሬት በታች፣ መተንፈሻ አለው ይላሉ።
የናንተስ በየት ነው?» አሉ።

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤
ባሕሩ እንደሚደፈርስ ማን ነግሮኝ? ማንንስ ጠይቄአለሁ?

ሰዓቷ እንደገና ተሞላች። ያንኑ ደገመች፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።
ምላሴን ነከስኩ። ሰበብ ሳልፈልግ፣ አንድም ነገር ሳልመልስ፣
«ቤቱ ከብዶኛል ነው ያለችው» አልኩ።
እሳቸው ዝም አሉ።
እሷ፣ እዚህም መሀላችን የገባውን ቦርሳዋን አንስታ፣
ወለሉ ላይ አኖረችው፣ እንደ ሰለቸ ሸክም፣ በዝግታ።

አርባው ሺህ አልተመለሰም። ለሐሙስ ሌላ ቀጠሮ አለን።
በር ላይ እጮኛዪቱ «ምን ይጠይቃሉ?» ስትለኝ፣
«የሰማሽውን ብቻ» አልኳት። በልጁ መሳቅ አልቻልኩም፤ ቀናሁበት መሰለኝ።

ባጃጅ ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብበን፣
«በአሞራ ገደል እንለፍና ዓሣ እንግዛ» አለች።
ተወዷል ልል አፌን ከፍቼ፣ ዘጋሁ።
«ዓሣ እንግዛ አልሽ።»
«አዎ» አለች። «ብያለሁ።»