ብድር

ጦሳ ራስጌያችን ጉሙን ተከናንቦ፣
ቆሟል እንዳርፋጅ ልጅ ከመስኮቱ ቀርቦ።
ስልሳ አምስት ልጆች፣ አስራ ስድስት ወንበር፣
ተራፊው እንድሪስ ከሰሌዳው ድንበር
የቀለም ጣሳ ላይ ይጽፋል ተጣጥፎ፣
ከጎኑ ትርንጎ፣ ክርኗ ከወንበር ተርፎ።

«ለይኩን?» «አቤት ቲቸር።» «ዘሃራ?» «አለሁኝ።»
«ሙህዬ?» ዝም አሉ። እስክሪብቶ ያዝሁኝ።
«ሰኞ ገበያ ነው» አለኝ አንዱ ፈጥኖ፣
«ሽንኩርት ይመዝናል ከናቱ ጋር ሆኖ።»
እስክሪብቶ ትቼ በእርሳስ ጻፍሁ «ቀ»ውን፣
ምናልባት ይመጣል ሸጦ ጆንያውን።

መጀመሪያ ሒሳብ፤ ሃምሳ ሁለት ጻፍሁና፣
አስራ ሰባት ከሥሩ፣ መስመር ሳብሁና፣
«ከሁለት ላይ ሰባት አይወጣም» አልኋቸው፣
«ጎረቤት አምስት አለ፣ ይበደር» ብያቸው፣
አምስቱን ሰርዤ አራት አደረግሁት፣
ሁለቱን በብድር አስራ ሁለት አልሁት።
«ሠላሳ አምስት!» ሲሉ ቆርቆሮው አስተጋባ፣
መሰለኝ በረዶ በጣራው የገባ።

እንድሪስ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ አምስት እንዲያው አራት ሆኖ አንሶ
ይቀራል? ብድሩን ማን ይክፈል መልሶ?»

ክፍሉ ሳቀ።
አልሳቅሁም። ሸዋ በር፣ ከኡመር ሱቅ ደጃፍ፣
የዱቤው ደብተር ላይ ያባቱ ስም በጫፍ፣
ከሥሩ የኔ ስም፤ ደሞዝ እስኪመጣ
አንድ ወንበር ተጋርተን፣ ከገጹ ሳንወጣ።
«ነገ እነግርሃለሁ» አልሁት።

ቀጥሎ ሳይንስ ነው። «ውሃ ሲሞቅ ይተናል፣
ተንኖ ጉም ሆኖ፣ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል።»
«ጉም እስቲ አሳዩኝ» ስል፣ ጣት ሁሉ ወደ መስኮት፣
ዘሃራ ግን ሄዳ ምላሷን አውጥታበት
«ጨው የለውም» አለች። ለይኩን ደብተሩ ላይ
ጻፈ እንዲህ ብሎ፦ «ጉም፣ ጨው የሌለው ሰማይ»።
አላረምሁትም።

አማርኛ ደረሰ። ቃል ጽሕፈት ስጀምር
ትርንጎ እጇ ባዶ፣ ጣራ ስትመረምር፣
እንድሪስ እርሳሱን በጥርሱ ነክሶ ከፍሎ
ግማሹን ሰጣት፣ ቃል ሳይናገር፣ ቶሎ።

ስድስት ተኩል ሲሆን ቸርኬው ተደወለ፣
ስልሳ አራቱ በበሩ ተግተለተለ።
ትርንጎ ቆም ብላ እርሳሱን መለሰች፣
«እንካ ብድርህን» ከመዳፉ አኖረች።
በጣቱ ለካና «ጎድሏል» አለ ከፍቶት፣
ደብተሯን ገለጠች፦ «ያውልህ፣ ጻፍሁበት።»
ገጹ ጢም ብሏል። ሐይቅን
በሃሌታው «ሀ» ጽፋዋለች።
አየው። አየው። ዝም ብሎ ደብተሩን አጠፈ፣
ጉሙ ውስጥ ተከትሏት ቁልቁለቱን አለፈ።

ሰሌዳውን ልጠርግ ስል በሩ ላይ ኮሽ አለ፤
ሙህዬ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ጸጉሩ ላይ የዋለ።
«አልቋል ወይ?» «አልቋል» አልሁት፣ መዝገቡን ከፍቼ፣
ያችን የእርሳስ «ቀ» በላጲስ አጥፍቼ።
ሰሌዳውን አይቶ፦ «አምስት ለምን ተሰረዘ?»
«ከሱ ተበድረን» አልሁት። ጠመኔውን ያዘ፣
አልጻፈም፤ ቆጠረ፦ «አስራ ሰባት፣ ሦስት፣ ሃያ፤
ሠላሳ፣ ሃምሳ፤ ሁለት» — ልክ እንደ ገበያ፤
እጁንም ዘረጋ፦

«ሠላሳ አምስት፣ ቲቸር። መልስዎን ይውሰዱ።»