የጨው መለኪያ

ዘንድሮም ቶኪዮ ላይ ስብሰባ ተቀምጧል፤
የሕክምናው ወጪ ከጣሪያ በላይ ወጥቷል።
አንዱ «አልጋ ይቀነስ»፣ አንዱ «ክፍያ ይጨመር»፤
ሦስተኛው መነጽሩን ሲወለውል ነበር።

እዚህ ሺራኔ ግን በረዶው እስከ መስኮት፤
ባለቤቴ ናኦኤ ትወጣለች በላስቲክ ቦት፣
እርሳስ የሚያህል የጨው መለኪያ በኪሷ፤
ደሞዝ የሌላት ሹም፣ አዛዧም ራሷ።
«ጭልፋችሁን አውሱኝ» ትላለች በየቤቱ፤
መለኪያውን ትነክራለች፣ ቁጥር ይበራል ባናቱ።

ጌንዞ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ሂጂ ወደ ሌላ!
አባቴም እንዲህ በላ፣ አያቴም እንዲህ በላ።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ተብሎ የለም ወይ?
አንቺ ድንጋይ ነው ብለሽ ልትጥዪው ነው ወይ?»

መልስ አልሰጠችውም። ከኋላው ባዶ ዊልቸር አለ፣
የታናሽ ወንድሙ፤ ግማሽ ጎኑ እንደዛለ
ሦስት ክረምት ሆስፒታል ጣሪያ ሲቆጥር ኖረ።
የመንደሩ ሒሳብ ያዥ እኔ ነኝ፤ ወጪው ተደመረ፦
ድልድያችንን ያሠራ ነበር። ይህን ለጌንዞ እንዴት እላለሁ?

በዓመቱ በራችን ተንኳኳ በእኩለ ሌሊት፤
ጌንዞ ነው፣ ሻርፕ የለበሰ ሳህን አቅፎ በደረት፣
እንደ ታመመ ሕፃን፤ በረዶ በቅንድቡ።
«ለኪልኝ» አለ ብቻ፣ ድው ድው እያለ ልቡ።

ነከረች፤ አነበበች። «ትንሽ ይቀራታል» አለች።
ተሳድቦ ሄደ። ሳህኗ እኛ ጋ ቀረች።

ሌሊቱን መዝገቤ ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ፤
ያልመጣ በሽታ ስንት ነው? ግራ ቢገባኝ፣
አልጫ ሾርባውን ቀዝቅዞም ቢሆን ጨረስኩ።